ወተቱ ይቆይ

ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት የእንስሳት መጠለያዎች በአንዱ፣ ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። መስኮት የላትም። ሁለት ሰው ከገባባት አንደኛው እጁን አጣጥፎ መቆም አለበት። ግድግዳዋ ላይ ሦስት መደርደሪያ፣ መደርደሪያዎቹ ላይ ከሰው ቤት የተለቀሙ የፕላስቲክ ሣጥኖች፣ ሣጥኖቹ ውስጥ ያረጁ ፎጣዎች፣ ፎጣዎቹ ውስጥ ድመቶች። በሳምንት ሁለት ሌሊት በበጎ ፈቃድ ልሠራባት ስፈርም የአገሬ ልጆች «የሚታመም ሰው ጠፍቶ ነው ድመት የምታስታምመው?» ብለው ስቀውብኛል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ዛሬ ግን ስለዚያች ክፍል የሚጠይቀኝ ካገኘሁ ቡናው እስኪበርድ አልለቀውም፤ ያለ ገንዘብ ነፍስ ማትረፍ እንዴት እንደሆነ ያየሁት እዚያ ነውና።

መጠለያ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ የጠፋ፣ የተጣለ ወይም ባለቤቱ የሞተበት እንስሳ የሚገባበት ቤት ነው። ማስረዳት የሚያሻው ድመት በዚያ ቤት ሁልጊዜ ኋላ መሰለፏ ነው። ለንደን ውስጥ ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 የከፈተችውና ዛሬ ባተርሲ በሚል ስም የሚታወቀው መጠለያ የተከፈተው ለውሾች ነበር፤ ድመት መቀበል የጀመረው በ1883 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በር ላይ ቆመው ጠበቁ ማለት ነው። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ዘግይተዋል። የመጠለያ ሕክምና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው በ1999 ነው። በ2001 ኬት ኸርሊ የተባለች ሐኪም ካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ ውስጥ በዚሁ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ስፔሻሊስት ተማሪ ሆነች። ዘርፉ እንደ ሙሉ ስፔሻሊቲ የታወቀው ደግሞ በ2014 ነው። እንግዲህ የምናወራው ከብዙ አንባቢዎቼ ዕድሜ ስለሚያንስ ሙያ ነው።

ሰው «የድንገተኛ ሕክምና» ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት መብራቱ የሚያበራ፣ ማሽኑ ጢት ጢት የሚል ክፍል ነው። የእኛዋ እንደዚያ አይደለችም። ሐኪሟ የምትመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ራጅ የለንም። ያለን የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ ማይክሮዌቭ፣ ሩዝ የተሞሉ ካልሲዎችና በረኪና ነው። እነዚህን ይዞ ብዙ ነፍስ ይተርፋል፤ አንድ ነገር እስከታወቀ ድረስ። እሱም ምን ይቀድማል፣ ምን ይከተላል የሚለው ነው። ደሃ መጠለያ ውስጥ ድመትን የሚገድላት ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ማጣት አይደለም። ትክክለኛውን ነገር ሰዓቱ ሳይደርስ ማድረግ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። የገደልኳት ድመት አለች።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሌሊት አንድ ሰው «መኪና ማቆሚያ ውስጥ አገኘኋት» ብሎ በጫማ ካርቶን አንዲት የድመት ግልገል ሰጠኝ። ዓይኗ አልተገለጠም። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጣት 118 ግራም አለ፤ አንድ ሙዝ ታክላለች። አትጮኽም፣ አትፍጨረጨርም። ርቧት ነው አልኩ። ለግልገል የሚሆነውን የዱቄት ወተት በጠበጥኩ፤ ለብ አደረግኩና በስሪንጅ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ትንሽ ዋጠች። ደስ አለኝ። እናቶቻችን የደከመውን ሁሉ በአጥሚት ሲያነሱ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ደካማ ይጠጣል፣ የጠጣ ይበረታል፣ ሌላ ሕግ አላውቅም። ሊነጋጋ ሲል ሞተች። ወተቱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጥቶ ነበር።

ጠዋት የመጣችው ሐኪም አልተቆጣችኝም። «ስትመጣ ሙቀቷ ስንት ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አልለካሁም ነበር። የክብደት መመዝገቢያ ደብተራችን ላይ ለእያንዳንዷ ግልገል አንድ ገጽ አለ። በዚያች ገጽ ላይ ቀኑና አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፏል፦ 118።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጥ ጡንቻ የሚያነደው ማገዶ ነው። በመጀመሪያ ሳምንቷ ያለች የድመት ግልገል ግን መንቀጥቀጥ አትችልም፤ ማገዶም ማንደጃም የላትም። ሙቀቷን የምታገኘው ከእናቷ ሆድና ከወንድም እህቶቿ ጀርባ ነው። ከእነሱ ከተለየች ሰውነቷ ወዲያው የክፍሉን ሙቀት መምሰል ይጀምራል። አዋቂ ድመት ሙቀቷ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። አራስ ግልገል በመጀመሪያዋ ሳምንት ከ35 እስከ 37 ይበቃታል። ከ34 ተኩል ገደማ ሲወርድ ግን ሰውነቷ በሩን እየዘጋ ይሄዳል። የልቧ ምት ይዘገያል፣ መጥባት ትረሳለች፣ ከሁሉ በላይ አንጀቷ መንቀሳቀስ ያቆማል።

አሁን ወተቱን አስቡት። የገባው ወተት የሚሄድበት የለም። ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ይኮመጥጣል፣ ሆዷን ይነፋዋል፤ የተነፋው ሆድ ደግሞ ደካማ ሳንባዋን ይጫናል። መዋጥም ስለደከማት ከፊሉ በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ይገባል። እሳት ሳያነዱ ድስት እንደመጣድ ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው ድስት ሳይበስል የቀረውን ይዞ ዝም አይልም። ለዚህ ነው በክፍላችን በር ላይ በትልቁ የተጻፈው፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ወተት መጨረሻ።

የበረዳት ግልገል እንዴት ትታወቃለች? ጣታችሁን ታጥባችሁ የትንሿን ጣት ጫፍ አፏ ውስጥ አድርጉ። አፏ ከጣታችሁ ከቀዘቀዘ በርዷታል። ጣታችሁን ካልጠባች ደግሞ በጣም በርዷታል። ዝምታዋን ዕረፍት እንዳይመስላችሁ። የምትጮኽ ግልገል ገና አቅም አላት። የምትፈራው ዝም ያለችው ናት።

ማሞቂያውስ? እዚህ ላይ ነው ደሃ መጠለያ የሚኮራው። ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውሰዱ፤ ያልተቀቀለ ሩዝ ሙሉት፤ አፉን ቋጥሩት፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩት። አውጥታችሁ አሹት፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ብቻ ይሰበሰባልና። በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ሞክሩት፤ ካቃጠላችሁ ያቃጥላታል። በፎጣ ጠቅልሉትና ከሣጥኑ በአንድ በኩል ብቻ አድርጉት፤ ሲበዛባት እየተሳበች የምትሸሽበት ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ይኑራት። ሩዙ ሲበርድ ሌላ ካልሲ ተኩበት። ከዚያ ትዕግሥት። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል።

አትቸኩሉ የምለው በምክንያት ነው። ጸጉር ማድረቂያ የነፉባት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ የነከሯት፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ምድጃ ውስጥ ሊያደርጓት የነበሩ ሰዎች አይቻለሁ። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጥ የሳሳ ነው፤ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ቆዳዋ ድንገት ሲሞቅ ደግሞ እዚያ ያሉት የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ለልቧና ለአንጎሏ ተቆጥባ የቆየችው ጥቂት ደም ወደ ቆዳዋ ትሸሻለች። ሊያሞቋት ብለው ይጨርሷታል። በሰዓት አንድ ዲግሪ ከፍ ካለች በደንብ እየሄደች ነው።

መዋጥ ስትጀምር አንድ ጠብታ የስኳር ሽሮፕ ድዷ ላይ ቀቡላት፤ ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ተሟጧልና። ሙቀቷ ከ35 ካለፈ፣ አፏ ከሞቀ፣ ጣታችሁን ከጠባች፣ አሁን ወተት። ለመቶ ግራም ግልገል በአንድ ጊዜ አራት ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። እባካችሁ ደግሞ እንደ ሰው ልጅ በጀርባዋ አታቅፏት! ፎቶ ላይ ያምራል፤ ወተቱ ግን ወደ ሳንባ ይሄዳል። ድመት እናቷን የምትጠባው በሆዷ ተኝታ ነው፤ እንደዚያው ትጠጣ። ከጠጣች በኋላ በረጠበ ጥጥ ከሥሯ አሹላት፤ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ እናቷ ካልላሰቻት ሽንትም ዓይነ ምድርም በራሷ አይወጣላትም።

ባለፈው ግንቦት አንዲት የአገሬ እናት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በልጃቸው መኪና መጡ። ነጠላቸውን ጠቅልለው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ከኮንዶው ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ነው ያገኘኋት። ወተት ብሰጣት እምቢ አለች። እስቲ አንተ ሞክራት፣ እጅህ ለምዶ ይሆናል።»

«ማዘር፣ ወተቱ ይቆይ። መጀመሪያ ትሙቅ።»

«እንዴ! የራበው ሲሞቅ ይጠግባል እንዴ?»

ቴርሞሜትሩን አስገባሁ። እዚህ አገር ሁሉም በፋራናይት ነው፤ 92 ላይ ቆመ፣ በእኛው 33 ገደማ። ቁጥሩን ነገርኳቸውና አንጀቷ እንደቆመ አስረዳኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ግልገሏን ከእጄ ወሰዱ፤ ሹራባቸውን ከፍተው ከደረታቸው ጋር አጣበቁና ነጠላውን ደረቡባት። ወንበር አመጣሁላቸው። እኔ ካልሲዬን አሞቃለሁ፣ እሳቸው ቁጭ ብለዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳቅ አሉ።

«መንዝ ነው ያደግኩት። በበጋ ውርጭ የተወለደ የበግ ግልገል ሲደርቅ፣ አባቴ መጀመሪያ እሳት ዳር ነበር የሚያመጣው። ‹ሳይሞቅ ጡት አታስይዙት› ይል ነበር። ለድመት ይሠራል ብዬ አላሰብኩም እንጂ ነገሩንማ አውቀው ኖሯል።»

ቤቱ ድረስ የመጣ ዕውቀት ነበር። እኔም ለስንት ጊዜ ስለ ድመት ለማስረዳት ወገቤን ስይዝ፣ የአገሬ ባላገር ስለ በግ ሲያውቀው የኖረውን ነገር እንደ አዲስ ግኝት እያወራሁ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቴርሞሜትሩ 96 አለ። ጣቴን ሳቀርብላት ያዘችው። «አሁንስ ይሰጣታል?» አሉ። አሁን ይሰጣታል አልኩ። ሚዛኑ ላይ 131 ግራም ነበረች። ጻፍኩ።

ከወተቱ ሳልወጣ የላም ወተትን ነገር ልጨርሰው። ድመትና ወተት በሥዕልም በተረትም ተጋብተዋል፤ ጋብቻው ግን ጥሩ አይደለም። የእናት ድመት ወተት ፕሮቲኑ ከላም ወተት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ የላም ወተት ብቻ የምትጠጣ ግልገል ሆዷ እየሞላ ትከሳለች። አዋቂ ድመት ደግሞ ጡት ከጣለች በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ነገር ይቀንስባታልና አብዛኞቹን ያስቀምጣቸዋል። ጤነኛ ድመት ከዚህ ትድናለች። በተቅማጥ የደረቀች የመጠለያ ድመት ግን ተጨማሪ ተቅማጥ አይገባትም። እሷ ወድዳ ትጠጣለች ትሉኛላችሁ፤ ልጆቻችሁም ከረሜላ ይወዳሉ።

ሌላም የምቆጣው አለኝ። በጸደይ ወራት ከሚመጡልን ግልገሎች ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም መነሳት አልነበረባቸውም። እናታቸው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ነው። ሰው «ተጥለው አገኘኋቸው» ብሎ ያፍሳቸዋል፤ እናት ስትመለስ ባዶ ጎሬ ታገኛለች። ግልገሎቹ ሞቀው፣ ሆዳቸው ሞልቶ፣ ጸጥ ብለው ከተኙ ተዋቸው። ከተጠራጠራችሁ ዙሪያቸውን ዱቄት ነስንሱና ራቅ በሉ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ዱቄቱ ላይ የእናት ዱካ ካለ ነገሩ አለቀ። አንድ ጭብጥ ዱቄት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያተርፍልን!

ስለ ሐበሻ ድመት የሚጠይቁኝም አሉ። ፈረንጆች አቢሲኒያን የሚሏት ለስላሳ፣ ቀላ ያለች ዝርያ አለች፤ ባልደረቦቼ «የአገርህ ልጅ መጣች» ይሉኛል። ከመቅደላው ዘመቻ በኋላ በ1868 ዙላ የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ይባላል፤ ዝርያዋን ያጠኑ ሰዎች ግን ሐረጓን የሚስቡት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ሆኖም እኔ እንግዳን አልመልስም፤ ሻይ ቢሆን አፈላላት ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሙቀት የሚቀድመው ለአራስ ብቻ አይደለም። መኪና የገጫት አዋቂ ድመት ስትመጣ ከውሻ የተለየ ነገር ታሳያለች። ደም የጎደለው ውሻ ልቡ ይሮጣል። ድመት ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ታደርጋለች፤ ልቧ ይዘገያል፣ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ የደም ግፊቷ ይወርዳል። አዲስ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ልቧ ቀስ ብሎ ሲመታ «ተረጋጋች» ይላል። አልተረጋጋችም፤ እየሄደች ነው። ሌላው ደግሞ ግፊቷ መውረዱን ሲሰማ ግሉኮስ ይሰቀልና ይለቀቅባት ይላል። የበረደው የድመት ሰውነት የደም ሥሮቹን እንደሚፈለገው ማጥበብ አይችልም። ቀዝቅዛ ሳለች ብዙ ፈሳሽ ከተለቀቀባት፣ በኋላ ስትሞቅና ሥሮቿ ሲጠብቡ የተረፈው ወደ ሳንባዋ ይገባል። ሐኪማችን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምትሰጠው፤ እያሞቀች፣ እየለካች። ሙቀቷ ወደ 37 ሲጠጋ ግፊቷ ብዙ ጊዜ አብሮ ይነሳል፤ ያኔ የሚጨመረው ፈሳሽ ካሰብነው ያነሰ ይሆናል። ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም ለደረቀች ድመት ግሩም ነው፤ እንዲህ ላለችው ግን ሰውነቷ ስለማይመጠው እንደ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ደግሞ ኩርር የሚል ድምፅ ስታሰማ «ደስ ብሏታል» አትበሉ። ድመት ሲመቻትም፣ ሲያማትም፣ ልትሞት ስትልም ታሰማዋለች። አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ግን ጥርጥር የለውም። ውሻ ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ ልማዱ ነው፤ አርፋ የተቀመጠች ድመት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች አየር አጥሯታል። አትያዟት፣ አታገላብጧት፣ ጸጥታና ኦክስጅን ስጧት፣ ሐኪም ጥሩ።

መጠለያን በአንድ ሳምንት ባዶ የሚያደርገው በሽታ ፓንሉኮፔንያ ነው፤ ፓርቮ የሚባለው የውሻ በሽታ የቅርብ ዘመድ። ያስተፋል፣ ያስቀምጣል፣ ነጩን የደም ሕዋስ ይጨርሳል። ለግልገሎች ያስፈራል። የደሃ መጠለያ ብልሃት እዚህም አለ፤ ለውሻ ፓርቮ የተሠራው ፈጣን መመርመሪያ የድመቷንም ያሳያል፣ መልሱም በደቂቃዎች ይደርሳል። ቫይረሱ ግን ግትር ነው፤ ወለልና ስንጥቅ ውስጥ እስከ አንድ ዓመት መቆየት ይችላል። የእጅ አልኮል አይነካውም። ሽታቸው የሚያውድ ብዙዎቹ የወለል ማጽጃዎችም አይነኩትም። የሚገድለው ያ የእናቶቻችን በረኪና ነው። አምስት በመቶ ገደማ የሆነውን፣ አንድ እጁን ከ32 እጅ ውሃ ጋር በጥብጡት፤ ለአራት ሊትር ግማሽ ኩባያ ያህል ነው።

በዚህም ቢሆን ሰው ተራውን ያበላሸዋል። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ ከዚያ በረኪናውን አድርጉና አሥር ደቂቃ ተዉት። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ወለሉን ማሽተት እንጂ ማጽዳት አይደለም። ሽንት ላይ ደግሞ በጭራሽ አታፍስሱት፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ የእናንተንም የድመቶቹንም ሳንባ ያቃጥላል። ስትዞሩም ከጤነኛ ግልገሎች ጀምሩ፣ በሽተኞቹ ጋ ጨርሱ። ከበሽተኛ ጀምሮ ወደ ጤነኛ የሚሄድ ሰው አስታማሚ አይባልም፤ አመላላሽ ነው።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ባጭሩ ልናገር። አንደኛው ፓራሲታሞል ነው፤ እዚህ ታይለኖል የሚሉት። ለሰው የምንሰጠውን ለድመት አሳስተን እንሰጣለን፣ በፍቅር። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። አንዲት የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ድመት ልትገድል ትችላለች። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። ማርከሻ አለው፤ ካወቃችሁ ግን ደብቃችሁ አታምጧት። ምን እንደሰጣችሁ ንገሩን፤ ማንም አይከሳችሁም።

ሁለተኛው ወንድ ድመት ነው። አሸዋው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም አይወጣም። ባለቤቱ «ሆድ ድርቀት ይዞታል» ብሎ የሆድ ማለስለሻ ይሰጣል። ድርቀት ላይሆን ይችላል፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። ሽንት የማይወጣው ወንድ ድመት በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማችበታል፣ ልቡን ያቆመዋል። ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ጠዋት አይጠበቅም።

ሁሉንም አናድንም። ይህን ያልኩት የክፍሏን ስም ለማሳመር እንዳይመስል ነው። ማታ ሠራተኛ የሌለው መጠለያ በየሁለት ሰዓቱ የሚጠባ ግልገል ማሳደር ስለማይችል፣ በዚህ አገር ብዙ ቦታ እንዲህ ያሉት በገቡበት ቀን በመርፌ እንዲያርፉ ይደረግ ነበር፤ አሁንም የሚደረግበት አለ። የሳንዲዬጎው ሂውማን ሶሳይቲ በ2009 ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ የግልገሎች ማሳደጊያ ሲከፍት እንደ ትልቅ ነገር የታየው ለዚህ ነው። እኛ እንደዚያ ያለ ማሳደጊያ የለንም፤ የባልዲ ክፍልና ተራ የሚገቡ ስምንት ሰዎች አሉን።

ስለዚህ ልትረዱ የምትመጡ፣ የአይጥ አሻንጉሊት አታምጡ፤ ሞልቶናል። ወተትም አታምጡ፤ ነገርኳችሁ። ካልሲ አምጡ፣ ጥንድ ባይሆንም ግድ የለም። ሩዝ አምጡ። ፎጣ አምጡ። በረኪና አምጡ። ከሁሉ በላይ በግራም የሚያነብ ሚዛን አምጡ፤ የሰው ሚዛን ለእኛ ምንም አይነግረንም። ደኅና የሆነች ግልገል በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ግራም ትጨምራለች። መጨመር ስታቆም ከመታመሟ አንድ ቀን ቀድሞ ሚዛኑ ያውቃል፤ ዓይን የሚያውቀው ኋላ ነው።

የመንዟ እናት ግልገል ገጽ እንዲህ ይጀምራል፦ 131። በማግስቱ 129፤ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ 134፣ 147፣ 159። እሳቸው በየሁለት ቀኑ ይደውሉ ነበር፤ «ስንት ሆነች?» ብቻ ይላሉ፣ ሰላምታውን ትተው። ሁለት ፓውንድ የሞላች ግልገል እንድትመክን ተደርጋ ቤት ለሚሰጣት ሰው ትሰጣለች፤ የእሷ የመጨረሻ ቁጥር 912 ነው፣ ገጹ ከታች እስኪሞላ ተጽፎ። በዚያው ደብተር ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ ብትገልጡ ያቺ 118 ብቻዋን ተቀምጣለች። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ያችን ገጽ ነው። ካልሲውን ከዚያ በኋላ ነው የማሳየው።